ውሃ ልክ

እትዬ ዳርምየለሽ ማክሰኞ ደወሉ፤
«ሻወሩ ጠቆረ፣ ና እየው» እያሉ።
አስራ አንድ ዓመት ነው ከጨረስኩት ወዲህ፤
ነጭ ነበር ያኔ፣ አልነበረም እንዲህ።

ቤታቸው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ገባ ብሎ፤
እርጥበት በማታ ይዘልቃል ጋቢ ተጠቅልሎ።
ጣሪያው ጫፍ አባ ኮዳ፣ አንገቱን አጕብጦ
እንደ ዳኛ ያየኛል፣ ችሎት ላይ ተቀምጦ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ጥግ ጥጉን የያዘ፣
በፉጋው መስመር ላይ እንደ ጉንዳን የተጓዘ፤
ከቧንቧው በታች ደግሞ ቢጫ የዝገት ምላስ
ነጩን ሴራሚክ ሲልስ፣ ሲልስ።
የጉድጓድ ውሃ ጨው፣ የሳሙናው ዝቃጭ፣
በጥፍር ሲነኩት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጭ።

«በረኪና አፈሰስኩ፣ አቼቶ ጨመርኩበት፣
ሳል ይዞኝ በር ከፈትኩ፣ ልሞት ነበር እዚያው ቤት!»
«እትዬ፣ እነሱን አያጋቡ» አልኳቸው፤
«ለየብቻ ደግ ናቸው፣ መርዝ ነው ትዳራቸው።»

መስኮቱን ከፍቼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ
ተንበረከክሁ ጥጉ ጋ፣ እስኪያመኝ ወገቤ።
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ሶዳ አቡክቼ
መስመር በመስመር ፈተግሁ፣ ሰዓቱን ረስቼ።

ጥቁሩ ለቀቀ። በባልዲ ውሃ ደፋሁበት።
ቆሜ አየሁት።
ቀዳዳው ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው
ውሃው ቆም አለና ሐሳቡን ቀየረ፤
ወደ ጥጉ ዞሮ፣ ክንዱን ተንተርሶ
እዚያው አደረ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ ያ ልጅ፣ ሌዳሞ፣
ሲሚንቶ አቡኪዬ፣ ሁሌ ጠያቂ አስቀድሞ።
ቀኑ ቅዳም ሹር ነው፣ ሲል ስምንት ሰዓት፤
ልቤ በግ ተራ ሄዶ፣ እጄ ብቻ ነው የቀረበት።
«ጋሼ፣ አረፋዋ ወደ ቀዳዳው ሸሸች፤
ይህቺ ጥግ ሰመጠች!»
«አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» አልኩት፤
ውሃ ልኩን ነጥቄ ከሣጥን ከተትኩት።
ሴራሚኩን ደረደርኩ፣ ፉጋውን በጣቴ ሞላሁ፣
አብረቀረቀ። ብሬን ቆጠርኩ። በግ ገዛሁ።

ውሃ ግን አልረሳም።
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየጧቱ ዘልቆ
አገኛት ያቺን ጥግ፣ የአንድ ጣት ሸለቆ፤
ተኛባት። ከረመ። ጠቆረ።

እትዬ ከበር ላይ «ጨረስክ ወይ?» አሉኝ።
«አዎ» ልል ነበረ፣ አፌ እምቢ አለኝ።
«ሲታጠቡ ውሃውን በጎማ ይግፉት፣
መጋረጃው ይድረቅ፣ ሰብስበው አይተዉት፣
መስኮቷም ትከፈት...»
ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከእውነቱ ግን ሸሸሁበት።
«...እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤
ወለሉ ሲሠራም ቀና አልነበረም።»

ዝም አሉ። ፎጣውን አጠፉት፤
መልሰው ዘረጉት።
«ጸዳለን ታውቃታለህ? ያቺ የሶዶዋ ልጅ፣
ዝምተኛ ነበረች፣ የሥራ ወዳጅ።
‹ፈትጌው ነው እትዬ፣ ተመልሶ ነው› እያለች
‹ውሸታም› ብያት ነው በሰኔ የሄደች።»

ለዚህስ ምን ይባላል?
ይህን የሚያነጣ በረኪና የት ይሸጣል?
«ስልኳ ይኖርዎታል?» አልኩ።
«አጠፋሁት» አሉ።

ሰኞ መሮ ይዤ እመጣለሁ፤ ወለሉ ይፈርሳል፤
የእጅ ዋጋ የለም፤ ሲሚንቶው በኔ ይታሰባል።
ከመውጣቴ በፊት ግን ሣጥኔን ከፈትኩ፣
ውሃ ልኬን ጥጉ ላይ አጋደምኩ።
ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣
ትንሽ ቆም አለች፣
አረፋዋ፣
ዛሬም ወደ ቀዳዳው ሸሸች።